ለከተማው ሁሉ አንድ ዓይን

የሟቾችን መልክ በመሣል ነው የኖርኩት። ቤተሰብ ጉርድ ፎቶ ያመጣል፤ እኔ በሸራ ላይ አሳድጌ እሰጣለሁ። አርባ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ሰው ቡርሼ ይለኛል።

ሥራ ያስተማሩኝ ሰውዬ አንድ ሕግ ነበራቸው። "ዓይን መጨረሻ ነው" ይሉ ነበር። "ዓይን ከገባ በኋላ ሥዕሉ ያይሃል፤ እጅህ ይፈራል።" ሕጉን ጠበቅሁ። ግን ሥራ ሲበዛብኝ ዓይን ላይ የሚጠፋው ጊዜ ያንገበግበኝ ጀመር። አንድ ቀን የተጣለ የራጅ ፊልም አገኘሁና ሁለት ዓይን በምላጭ ቀደድኩበት። ጥሩ ዓይን ነበር፤ ትልቅ፣ ረጋ ያለ፣ ትንሽ ያዘነ። ፊቱን እጨርስና ራጁን ከላዩ አድርጌ በቀዳዳው ቀለም አስነካለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ወደ ብርሃን ሲያነሱት ከዓይኖቹ ሥር የማላውቀው ሰው የጎድን አጥንት ይታያል። ሠላሳ ዓመት ሠራሁበት። ማንም ምንም አላለኝም። ሐዘንተኛ ያዘነ ዓይን ካየ ይበቃዋል።

አምና አንዲት ሴት መጣች። የሞተው አባቷ ሾፌር ነበር፤ ሥዕሉን ሠርቼ ከሰጠኋት ስድስት ወር ሆኖታል። በጋዜጣ ጠቅልላ መልሳ አመጣችው።

"አባባ፣ እናቴ ከግድግዳው አውርጂልኝ አለች።"

"ምን ጎደለው?"

"ምንም አልጎደለው። የአባቴ አንዱ ዓይን ያንስ ነበር፤ እርስዎ እኩል አድርገውታል።"

"አሳመርኩት እንጂ። ምን ከፋሽ?"

"እኔ አልከፋኝም። እናቴ ናት፣ የማላውቀው ወንድ መኝታ ቤቴ አይሰቀልም ያለችው።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ግድግዳዬ ላይ ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው አራት ሥዕሎች ነበሩ፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ወጣት፣ አንድ ፖሊስ፣ አንዲት አሮጊት። አንድ በአንድ አየቻቸው።

"እነዚህ ሁሉ እህትና ወንድም ናቸው እንዴ?" አለች።

አምስተኛው ሥዕል የባለቤቴ ነበር። እሱንም አየችው። የአባቷን ሥዕል ጥግ አስደግፋ፣ ደህና ዋሉ ብላኝ ወጣች።

ወንበር ስቤ ከባለቤቴ ሥዕል ፊት ተቀመጥኩ። ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የሷንም ዓይን በራጁ ነበር የሠራሁት። ክፋት አይደለም፤ እጄ ለምዶ ነው። አሁን የራሷን ዓይን ላስታውስ ሞከርኩ፤ የሚመጣብኝ የራጁ ነው። ጨፈንኩ፤ ያው ነው። ፈጣሪ ለሁለት ሰው አንድ ዓይን አልሰጠም። እኔ ለከተማው ሁሉ አንድ ዓይን አደልኩ፤ ከሁሉ የከፋው ለሷም ማደሌ ነው።

እኔ ዘንድ የነበረው ፎቶዋ ሥዕሏን በሠራሁ ጊዜ ቫርኒሽ ፈሶበት ተበላሽቷል። ሌላ ያለው የሁለት ቀን መንገድ ርቃ በምትገኝ ከተማ፣ ታላቅ እህቷ ቤት ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ከቀብሩ ወዲህ አልተነጋገርንም። ባለቤቴ ስትታመም እኔ ሌላ አገር የሆቴል ግድግዳ እሥል ነበር። ቶሎ ና ተባልኩ። ተራራውንና ወንዙን ጨርሼ ሰማዩ ቀርቶኝ ነበር። ሰማዩን ጨርሼ መጣሁ። ስደርስ አፈር ለብሳለች።

ሥዕሉን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ የቀለም ሳጥኔን አንጠልጥዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው አለኝ። እምቢ አልኩ።

"ምንድነው እሱ?"

"ባለቤቴ ናት።"

"እንግዲያው እሷ መስኮት ዳር ትሁን" አለ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። መስኮት ዳር አስቀመጥኳት።

መንገዱን አላየሁም፤ ሰው ነው ያየሁት። አንድም ተሳፋሪ ሁለት እኩል ዓይን አልነበረውም። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ስታንጎላጅ አንዱ ዓይኗ ቀድሞ ይተኛል። አንዱ ነጋዴ ሲዋሽ የቀኝ ሽፋሽፍቱ ብቻ ይርገበገባል። ከጎኔ የነበረው ወታደር ሰለቸው።

"ምን ያፈጡብኛል አባት? ልጅዎን መሰልኩ?"

"የለም፣ ራስህን ነው የመሰልከው" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ መተላለፊያው አዞረ። ሰባ ዓመቴ ነው። የሰው ፊት ማየት የጀመርኩት እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ክፍል ነው ያላቸው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ በየምስማሩ እግሩ ታጥፎ ያልተሰፋ ሱሪ፣ ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ። በሩን አንኳኳሁ። መኪናው አልቆመም።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።" አንገታቸውን እንዳቀረቀሩ ናቸው። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ነበርክ? መቼስ ሩቅ ነው።"

አንሶላውን ፈታሁ። እግራቸው እየረገጠ በጎን አዩት።

"ልብሱ የሷ ነው፤ እኔ ነኝ የሰፋሁላት። አንገቱም የሷ ነው። ዓይኑ ግን የጎረቤት ነው።"

"ለሱ ነው የመጣሁት። ፎቶዋን ያሳዩኝ።"

"ምን ልታደርገው?"

"አይቼ ልገለብጥ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት አብረሃት ኖረህ ዓይኗን ከወረቀት ትለምናለህ።" ጨርቁን አዙረው በሌላው ጠርዝ ጀመሩ። "ዓይኗ ምን ይመስል እንደነበር አንድ ነገር ንገረኝ። አንድ ብቻ። ፎቶውን ያኔ እሰጥሃለሁ።"

ትልቅ ነበር ልል አሰብኩ፤ ትልቁ የራጁ ነው። ረጋ ያለ ልል አሰብኩ፤ እሱም የራጁ ነው።

"የፈራሁት ይኼንኑ ነው" አሉ።

መሄድ ነበረብኝ። ግን ሥዕሉን እንደዚያው ይዤ ከተመለስኩ ሁለተኛ አላገኛትም። ዕድሜዬም ዕድሜ አይደለም።

"እንግዲያው እርስዎን ልሣል፤ እህቷ ነዎት" አልኩ።

"ሥራ አላቆምም።"

"አያቁሙ።"

"ደግሞ አሳምረኸኝ እንዳትሄድ። ሰፈሩ ይስቅብኛል።"

ከጓሮ ያለችውን የጨርቅ ማስቀመጫ ለማደሪያ ሰጡኝ። ቀን ቀን ከመኪናው ማዶ ተቀምጬ ሣልኩ። በመጀመሪያው ቀን ዓይን ላይ ስደርስ የወጣልኝ የራጁ ዓይን ነው፤ ራጁን ሳልይዝ፣ በባዶ እጄ። በስፓቱላ ፋቅሁት። በሁለተኛውም ቀን ያው። እጄ ከኔ ቀድሞ ይሮጣል።

"ደግሞ ፋቅኸው?" አሉኝ። "ጨርቅ ቢሆን እስካሁን መሐረብ ሆኖ ነበር።"

በሦስተኛው ቀን ቁልፍ ሊተክሉ የእጅ መርፌ አነሱ። የክሩን ጫፍ በከንፈራቸው አርሰው መርፌውን ወደ መስኮቱ አቀኑና ግራ ዓይናቸውን አጠበቡ።

ቡርሹ ከእጄ ወደቀ።

ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት የታጠቡትን ቡርሾች መስኮት ዳር ትወስድ ነበር። የላላ ጸጉር ካለ ቀለም ውስጥ እንዳይቀር ቀድማ ትነቅለዋለች። ማንም አላዘዛትም። ከጠረጴዛዬ ማዶ፣ በየቀኑ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። ማየቴን ሳላውቅ አይቼው ኖሯል።

"ግራ ዓይኗን ታጠብብ ነበር" አልኩ። "ቡርሽ ወደ ብርሃን ስታነሳ። የታችኛው የዓይኗ ቆብ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጸጉር ስታገኝ ከመንቀሏ በፊት ቀና ብላ ታየኝ ነበር።"

"አንተስ?"

"እኔ ቀለም እበጠብጥ ነበር።"

እጃቸው ቆመ። ከመጣሁ ጀምሮ ሲቆም ያየሁት ያኔ ነው። ተነሥተው የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሯቸውን ከፈቱ፤ ከሥር ፎቶውን አውጥተው በግምባሩ ደፍተው አጠገቤ አስቀመጡት።

"ውሰድ።"

ከተደፋበት አላነሳሁትም። ከባለቤቴ ሥዕል ላይ የራጁን ዓይን በስፓቱላ ፋቅሁ። የደረቀ ቀለም አይለቅም፤ ከሸራው ጋር ስታገል ረፈደ። ከዚያ ዓይኗን ጀመርኩ፤ ግራው ጠበብ ያለ፣ ቀኙ ቀና ብሎ የሚጠብቅ። ያስተማሩኝ ሰውዬ እውነታቸውን ነበር፤ እጄ ፈራ። ፈርቶም ሠራ። ስጨርስ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ነበር።

ያኔ ፎቶውን አንስቼ አየሁት። አይመሳሰሉም። ፎቶው ላይ ሁለት ዓይኗን በልጥጣ፣ ደንግጣ ነው ያለችው። እትዬ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው መስኮቱ ዳር ቆሙ።

"ይቺ ፎቶ አንሺውን ነው የምታየው" አሉ ፎቶውን እያሳዩኝ። ወደ ቆርቆሮው መለሱት። ወደ ሥዕሉ ዞሩ። "ይቺ አንተን ነው።"

ሥዕሉን ከስፌት መኪናው ላይ አቆሙት። የልብሷ አንገት ላይ ከተፋቀው ቀለም የቀረ ብናኝ በአውራ ጣታቸው ጠረጉ።

"መጣልሽ" አሏት።

እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀና ብዬ አየኋት። እትዬ ወደ ጓሮ ወጡ፤ ቶሎም አልተመለሱም።

የባለቤቴን ሥዕል እዚያው ተውኩት። በቀለም ሳጥኔ የነበረውን ራጁንም ተውኩት፤ እትዬ "ደህና ፊልም አይጣልም" ብለው የኪስ መለኪያ ቆረጡበት።

ከመንገድ በገባሁ ማግስት የሾፌሩን ልጅ አስጠራኋት። እናቷን ይዛ መጣች። ለሁለቱም ወንበር ሰጠሁ። የሰውየውን ሥዕል ማቆሚያው ላይ አወጣሁ፤ ዓይኑን ፍቄ ነበር። እናትየው ባዶውን ቦታ ቀረብ ብለው አዩት።

"የትኛው ዓይኑ ነበር የሚያንሰው?" አልኳቸው።

"የቀኙ" አሉ። "ሲስቅ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።"

"ምን ያስቀው ነበር?"

ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ቡርሹን አስቀመጥኩና ፊታቸውን እያየሁ አዳመጥኩ።