የእታፈራሁ ማሰሪያ

«አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴን ቁረጡት!» አለ ወንድይራድ። የእህቱን የእታፈራሁን የሕይወት ታሪክ በቀብሯ ላይ አንብቦት ነበር፤ አልበቃውም፤ አሁን እቤቷ ለመጣው ለቀስተኛ እንደ አዲስ ጀመረው።

ከኪልበርን እስከ ሃክኒ ያለ የለንደን ሐበሻ በሙሉ ካሌዶኒያን ሮድ ወርዷል። አራት ሰው የሚያስጨንቃት የእታፈራሁ ሳሎን ያን ቀን ሺህ ሰው ሳትይዝ አትቀርም።

እታፈራሁ ሃያ ዓመት ሙሉ በየቤቱ እየዞረች አዛውንት ስትንከባከብ የኖረች ሴት ናት። አዛውንቶቹ ጠረጴዛ ላይ ያስደገፉት ከዘራ ይንሸራተታል፤ ሊያነሱት ሲያጎነብሱ ይወድቃሉ። እሷም የተጣለ የብስክሌት ጎማ ቆርጣ፣ በእጇ ሰፍታ፣ ከዘራውን ከጠረጴዛው ጋር አንቆ የሚይዝ ማሰሪያ ሠራች።

«የፈጠራ መብት ማመልከቻውን በዚህ እጄ ሞልቼ ያስገባሁላት እኔ ነኝ!» አለ ወንድይራድ። ለሰፈሩ ሐበሻ ፎርም የሚሞላው እሱ ነው። «የመዝገብ ቤቱ ሹም እንግሊዝኛዬን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ! ዛሬ የእህቴ ማሰሪያ የሌለበት ሆስፒታል ካለ ጠቁሙኝ! ቤተ መንግሥት እንኳ ሁለት መቶ አዟል!»

«ሪሊ፣ ጋሼ?» አለች ልጇ ማህሌት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ቼክ ሳደርግ እኮ ስሟ የትም የለም። የምዝገባውን ቁጥር ስጠኝ፤ ሐውልቷ ላይ ላስጽፈው ነው። ሰው ሁሉ ክሊነር ነበረች ነው የሚለው።»

«ቁጥሩ ረጅም ነው፤ ድንጋዩ አይችለውም!»

ሰው በለቅሶው መሀል ሳቀ። ወንድይራድም ሳቀ። እሑድ እሑድ ከቸርች ሲወጡ እታፈራሁ «መልስ መጣ ወይ፣ ወንድሜ?» ትለው ነበር። «እየታየ ነው» ይላታል። አንድ ቀን መጠየቋን ተወች። ረሳችው ብሎ እፎይ አለ።

«ስጠኛ፣ ጋሼ» አለች ማህሌት፤ ስልኳን ይዛ ልትጽፍ ትጠብቃለች።

እታፈራሁ ስትንከባከባቸው የነበሩት ጎረቤቷ እማማ አስካለማርያም ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ከዘራቸው በጥቁር ጎማ ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሯል።

«ቁጥር የለውም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ወንድይራድ ዞሩ። «ማሰሪያው እኔና ሁለት ፈረንጆች ዘንድ ብቻ ነው ያለው። ማመልከቻውም የትም አልገባ። ያን የለበስከውን ኮት ገበሩ ተቀዶ ስፊልኝ ብለህ ሰጥተሃት አልነበር? እኔ ቤት ተቀምጣ ነው የሰፋችው። ወረቀቱን ከኪሱ አገኘችው። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ባዶ ነው። አየችው፣ አየችው፣ አጥፋ ወደ ኪሱ መለሰችው። ‹አይንገሩት፣ እማማ› አለችኝ፤ ‹ያፍርብኛል።›»