የወይዘሮ አይናለም ወረፋ

እኔ የተበደልሁ ሰው ነኝ። ይህን የማያውቅ የመርሳ ሰው ካለ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ መሆን አለበት። በደርግ ጊዜ ለትራክተር ጥገና ሥልጠና ሩማኒያ የሚላክ ሰው ይመረጥ ተብሎ ተፈተንን። እኔ ይታገሱ በልጬ አለፍሁ። የሄደው ግን ሙላቱ ነው። አጎቱ ካድሬ ነበራ! እሱ አውሮፓ ገባ፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት የሰጠኝ ነገር ቢኖር ይህ የቦኖ ውሃ ቁልፍ ነው።

ሙላቱ ብራሾቭ ከሚባል ከተማ የተመለሰው ነጭ ሚስት ይዞ ነው። ስሟ ሮዲካ ነበር፤ ለእናቱ አፍ አልመች ቢል አይናለም አሏት። እዚያ አገር የውጭ ሰው ለማግባት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻ አስገብተው ቢጠብቁ ቢጠብቁ መልስ ጠፋ። በ1982 ታኅሣሥ መንግሥታቸው ወደቀና ያለ ፈቃጅ ተጋቡ። እሷ እዚህ ከመድረሷ ደግሞ ደርግ ወደቀ። "ይቺ ሴትዮ የረገጠችው መንግሥት አይጸናም" ብለን ስቀንባታል።

አንድ ክረምት አትከርምም ያልናት ሴት ሠላሳ ክረምት አለፋት። ሙላቱ ከሲሪንቃ እስከ ሐራ የሰው ትራክተር ሲጠግን መፍቻ እያቀበለች አብራው ዘይት ለበሰች። ጦርነቱ ሲመጣ እኛ ሸሸን፣ እሷ ባሏ ታሞ ነበርና ቀረች። አማርኛችንንም ስትማር ከአክብሮቱ ስለጀመረች ሕፃኑንም ፍየሉንም አንቱ ትላለች። በከተማው እኔን አንቱ የሚለኝ እሷ ብቻ ናት። ሌላው "አንተ ይታገሱ፣ ክፈት እንጂ!" ነው።

ሙላቱ ሞተ። ለአርባ ቀኑ ተዝካር አንድ ቀን ሲቀር፣ ጠዋት ላይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሃ መጣ። ጠላው ቀድሞ ተጠምቋል፤ ለወጡ፣ ለዕቃው ማጠቢያ ግን ቤቷ ጠብታ የለም። ቀደም ባለው ቀን ወልድያ ለገበያ ውላ ስለነበር ሁለት ጀሪካኗን ያቆመችው ከሁሉም ኋላ ነው። እኛ ዘንድ ሰው አይሰለፍም፣ ጀሪካን ነው የሚሰለፈው። ባለቤቱ ጉዳዩን ሲሠራ ጎረቤት በእግሩ እየገፋ ያስጠጋለታል።

እኔ ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሐቁን ልናገር፣ መጥታ እንድትለምነኝ ነበር የፈለግሁት። ከሙላቱ ቤት አንድ ሰው አንድ ቀን እንኳ "እባክህ ይታገሱ" ይበለኝ! ብትለኝ ወዲያው አስቀድማት ነበር።

"አንተ፣ አታስቀድማትም?" አለችኝ ሀስና። ሀስና የወይዘሮ አይናለም ግድግዳ ተጋሪ ጎረቤት ናት፣ ምላሷ ሰው አይፈራም። "ተዝካር እኮ ነው! ወላሂ አንጀት የለህም።"

"ትጠይቀኛ። አፍ የላትም?"

"አንተን ከመለመን ዝናብ መጠበቅ ይሻላል!" ሴቶቹ ሳቁ።

ወይዘሮ አይናለም አልጠየቀችኝም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አገሯን ታወራለች።

"እኛ ዘንድ ዘንቢል ነበር የሚሰለፈው፤ ዘንቢል፣ ባዶ ጠርሙስ። ወተት ይመጣል ከተባለ ገና ሳይነጋ፣ በበረዶ። መንግሥት የውጭ ዕዳውን እከፍላለሁ ብሎ ምግቡን ሁሉ ይሸጠዋል። ቤቱ ማሞቂያ የለው፣ ካፖርት ለብሰን ነው የምንተኛው።"

"ሌባ ዘንቢሉን አይወስደውም?" አለች ሀስና።

"ባዶውን ምን ያደርጉለታል?"

ሀስና ጉልበቷን እየመታች ሳቀች።

"የምንጠላው ሌባውን አልነበረም" ቀጠለች ወይዘሮ አይናለም። "በጓሮ በር የሚገባውን ነው። የፓርቲ ሰዎች በየሱቁ የጓሮ በር ነበራቸው። አባቴ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አንድ ኅዳር፣ የምርጫ ቀን እሑድ፣ ሠራተኞቹ ደሞዛቸው ተቆርጦ፣ እርቧቸው፣ 'ዳቦ!' እያሉ ወጡ። የፓርቲውን ጽሕፈት ቤት ሰብረው ሲገቡ ከተማው ያጣው አይብና ፍራፍሬ እዚያ ተደርድሯል። አባቴ አልበላም። በመስኮት ወረወረው። ለዚያ ነው ይዘው፣ ገርፈው ሌላ ከተማ የጣሉት።"

"እርቦት ወረወረው?"

"እርቦት። እኔም ተናድጄበት ነበር፤ አይብ እወዳለሁ።"

"መንግሥታችሁ ከወደቀ በኋላስ ጠገባችሁ?"

"ሱቁ ሞላ፣ ፋብሪካው ተዘጋ። ወጣቱ ጣሊያን፣ ስፔን ሄደ። እህቴ ጣሊያን የሰው ሽማግሌ ታጥባለች፣ የኛን እናት የሚያጥብ ጠፍቶ።"

ሀስና ሳቋ ጠፋ። ልጇ ሉብና ሳዑዲ ናት። "አይ አላህ" አለችና የወይዘሮ አይናለምን ጀሪካን በእግሯ ገፋ አደረገችላት።

እኔም አፌን ከፍቼ ስሰማ ኖሬአለሁ። እንዲህ ያለ ሕዝብ! በረዶ ላይ ቆሞ የሰው ዘንቢል የሚጠብቅ! እኔ ነበርሁ ያን አገር ማየት የሚገባኝ።

ድንገት ቧንቧው አስነጠሰ። ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። ከወይዘሮ አይናለም ፊት ገና ብዙ ጀሪካን ነበር። እሷ ቧንቧውን አየችው፤ ቀጥላ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ያን ጊዜም አልለመነችኝም።

እኔን ግን አንድ ነገር ወጋኝ። የቦኖ ጠባቂ ለሰው ሳይከፍት የራሱን ቀድቶ ያስቀምጣል፤ የታወቀ ነው። ሁለቱን ሙሉ ጀሪካኖቼን ከሳጥኑ ጀርባ ጎትቼ ፊቷ አቆምኋቸው።

"ውሰጂ። ለሙላቱ።"

ተነሥታ እጅ ነሳችኝ። "እግዜር ያክብርልኝ፣ ጋሽ ይታገሱ። ወረፋ ይዘው ነው የቀዱት?"

"ቁልፉ በእጄ ነው፤ ምን ወረፋ ያስፈልገኛል?"

ቀስ ብላ ጀሪካኖቹን ወደ እኔ መለሰቻቸው። "አይቀየሙኝ። በዚህ ውሃ የሙላቱ ተዝካር አይሆንም። 'ሰው ቀድሜ ነው አገርሽ የመጣሁት' እያለ እስኪሞት ይቆረቁረው ነበር። 'በፈተና የበለጠኝ ሰው ነበር፣ አጎቴ አስቀደመኝ' ይለኝ ነበር።"

"ማንን ነው የቀደመው?" አልኋት።

"ስሙን አልነገረኝም። አፍሮ ነው መሰለኝ።"

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ይኸው መጣ። "እኔን ነው!" ልል አፌን ከፈትሁ። ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። እኔን ሳይሆን ግን ሁለቱን ጀሪካኖቼን ነው የሚያዩት። አፌን ዘጋሁት።

"የኔ ውሃ ወረፋ የተያዘበት ነው" አለች ሀስና። የራሷን ሙሉ ጀሪካን አንስታ በወይዘሮ አይናለም ባዶ ላይ አጋደለችው። ሌሎቹም የደረሳቸው ተከታትለው አጋደሉ። ሁለቱም ጀሪካን ሞላ። ይህንን አልመለሰችም።

ተዝካሩ በማግስቱ ሆነ። እኔም ሄጄ በላሁ፤ ወጡ ጥሩ ነበር።

ውሃው እንደገና የመጣ ቀን ቁልፉን ይዤ ማልጄ ደረስሁ። የወይዘሮ አይናለም ጀሪካን ዛሬም መጨረሻ ላይ ቆሟል። ባዶዎቼን ይዤ ሄጄ ከኋላው አቆምኋቸውና ቧንቧውን ለሰው ከፈትሁ።

ሀስና አይታ በሳቅ ልትሞት። "ምነው ይታገሱ፣ ከሥራ አባረሩህ እንዴ?"

ወይዘሮ አይናለም ግን ወረፋው ሲንቀሳቀስ የራሷን አስጠጋችና፣ ዞራ የኔንም በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ።