ወሬኛው ጥርሱ

አሻንጉሊት እፈራለሁ። ይኸው ተናገርኩ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ፋርማሲስት ነኝ፣ አንዴ ከጓሮ እባብ በመጥረጊያ እንጨት አባርሬ አውቃለሁ። ግን ዓይኑ የሚከደንና የሚገለጥ የእንጨት አሻንጉሊት ካየሁ ክፍሉን ጥዬ እወጣለሁ። የሚስቅ ይሳቅ። የሚስቅ ሰው ከጥርሱ ጋር አንድ ቤት አላደገም።

ጥርሱ የአባቴ አሻንጉሊት ነው። ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ በነበረበት፣ ከሰፈሩ እኛ ቤት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመዝናኛ ፕሮግራም ይተላለፍ ነበር። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት የሚነዳው ሰውዬ ይመጣል፤ ከኮፍያው ውስጥ መሐረብ የሚመዘው አስማተኛ ይከተላል፤ ኮታቸው ቀይ ነው እየተባለ ለእኛ ግራጫ ሆኖ የሚታየን ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። መጨረሻ ላይ አባቴ ነው። ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጥርሱን ግራ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል፣ ግራ እጁን በጀርባው ያስገባል፣ ከዚያ ከንፈሩን ሳያነቃንቅ ሁለት ሰው ይሆናል። ያ ሁሉ ጎረቤት በአንድ ሳሎን እንዴት ይገባ እንደነበር አሁን ሳስበው አይገባኝም። በር ላይ የተቆለለውን ጫማ ግራና ቀኝ ለመለየት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ጥርሱ ሲቀነስ።

ጥርሱ የተባለው በጥርሱ ነው። የቀረጸው አናጢ አልሰሰተም፤ አፉ ዳር እስከ ዳር ጥርስ ነው። አባቴ ጨዋ ነው፣ ጥርሱ ባለጌ ነው፤ ጨዋታው ይኼው ነበር። አባቴ «ተው፣ ይቺማ የቤት ገመና ናት» ብሎ አፉን በእጁ ሲይዘው ጥርሱ በጣቶቹ መሃል ሁሉንም ይዘረግፋል። ምስጢር የሚባል ነገር አያውቅም።

አባቴ እንዳስረዳኝ ደግሞ ሥራው የምላስ ነው። ከንፈር ካልተገጠመ የማይወጡ ፊደሎች አሉ፤ በ፣ መ፣ ፐ። ጥርሱ እነሱን ወይ ይዘላቸዋል ወይ በምላሱ ያድበሰብሳቸዋል። ስለዚህ ሲያወራ ምላሱ ያበጠ፣ አፉ ምግብ የሞላ ሰው ይመስላል። ሕዝቡ በሳቅ የሚንፈራፈረውም በዚያ ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ስምንት ዓመቴ ላይ የእናቴን የእጅ ሰዓት ሰበርኩ። ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ፣ ተገረፈበት። ሦስት ቀን ሆድ ይፍጀው ብዬ ቻልኩት። በአራተኛው አባቴ ጥርሱን በጨርቅ ሲወለውል ተጠጋሁና በጆሮው ነገርኩት። ለአባቴ አይደለም፣ ልብ በሉ። ለጥርሱ ነው። ልጅ ነኝ፣ ሁለት ሰው ይመስሉኛል። ቅዳሜ በቀጥታ ስርጭት፣ ሰፈሩ በሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ተኮልኩሎ፣ ጥርሱ ሰዓቷን የሰበረችው ትንሿ ናት፣ ወንድሟ ሲገረፍላት ከበር ኋላ ቆማ ስትሰማ ነበር ብሎ ለአገር አወራው። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝና ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቴ ማታ ሲመጣ ጥርሱን ከእጁ ነጠቅኩት። «ወሬኛ!» ብዬ በጫማ ተረከዝ አፉን አልኩት፤ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሶፋው ሥር ገባ። አባቴ አልተቆጣኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥርሱ አፉን ከፍቶ ደረጃ ላይ ወድቄ ነው አለ፣ ሕዝቡም ሳቀ። የወለቀው ጥርስ ግን ሳይተካ ቀረ። እኔም ከዚያ ወዲህ ልቤ የሸሸገውን ለአባቴ ነግሬው አላውቅም። ጥርሱ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ በዚያ ክፍተት ሲያየኝ ቂም የያዘብኝ ይመስለኝ ነበር። የዓይኑ ክር ላልቶ ስለነበር በር ገፋ ባደረጉ ቁጥር ለብቻው ይገለጣል። በዚያ ክፍል በሩጫ ነበር የማልፈው።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ እኔ ጋ መጣ። ጥርሱን ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ቁልፉን ያዝኩ። ድምፁን ግን ማን ይቆልፈው። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፣ እኔን ማናደድ ዋና ሥራው ነው። ማቀዝቀዣውን ስከፍት ከኋላዬ ቆሞ በጥርሱ ድምፅ «ዝጊው፣ ይበርደኛል» ይላል። ድስት ስከድን ድስቱ ያጉረመርማል። አንዳንዴ ከክፍሉ ሆኖ በጥርሱ ድምፅ ይጣራል፤ ደንግጬ ስሮጥ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያ እያየ ያፏጫል። ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመድኃኒት ቤቱን ቁልፍ ይዤ ስወጣ ከክፍሉ ድምፅ መጣ። የአባቴ በር ገርበብ ብሏል። ምላሱ ያበጠ፣ አፉ የሞላ ሰው ድምፅ ነው። ጥርሱ ነው። ምን እንደሚል አይለይም፣ ብቻ ይጣራል። ረፍዶብኛል፣ በዚያ ላይ ያ ድምፅ ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል። «አባባ፣ በጠዋቱ አትጀምረኝ» አልኩና በሩን ስቤ ዘጋሁት። ደረጃውን ስወርድ እንደገና ተጣራ። አልተመለስኩም።

በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ባሏ ደም ግፊት ላለበት ሴትዮ የስትሮክን ምልክቶች በጣቴ እየቆጠርኩ አስረድቻለሁ። ፊት መጣመም፣ እጅ መዛል፣ አንደበት መተሳሰር። ሦስተኛዋ ጣት ላይ ስደርስ እንኳን ምንም አልታወሰኝም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ስገባ አባቴን አልጋውና በሩ መሃል ወለል ላይ አገኘሁት። አፉ ወደ ግራ ዞሯል፣ ቀኝ እጁ ሥሩ ታጥፏል። ዓይኑ ክፍት ነበር። አየኝ።

ሆስፒታል ሐኪሙ መቼ እንደጀመረው ጠየቀኝ። ስወጣ ተኝቶ ነበር አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አትጠይቁኝ፤ ከአፌ ቀድሞ ወጣ። ሐኪሙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢመጣ የሚሰጥ መድኃኒት ነበር፣ አሁን ጊዜው አልፏል አለ። መድኃኒቱን በስሙ አውቀዋለሁ። ወንድም ጋሼ መኪና መንዳት የሚያስተምር ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ደግሞ እኔኑ ያጽናናኛል። አንቺማ ምን ታደርጊ እታለም፣ ሥራ ሄደሽ ነው ይለኛል።

አባቴ ከሞት ተረፈ፣ ንግግሩ ግን ሄደ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ የዚያ ሁሉ ዘመን እንጀራው ነበር፣ ትቶት ሄደ። የሚሰማ ግን ሁሉንም ይሰማል። ሾርባ ሳጎርሰው ዓይኑ ከፊቴ አይነቀልም። ማንኪያውን እያየሁ አጎርሰዋለሁ። ዕቃ ሳነሳ ያየኛል፣ መጋረጃ ስከፍት ያየኛል። ያስታውሳል? አያስታውስም? ሦስት ሳምንት ሙሉ ይቺን ሳመነዥክ ከረምኩ። ይቅር ይበለኝና፣ ከገዛ አባቴ ጋር ብቻዬን አንድ ክፍል መቀመጥ ፈራሁ።

ንግግር የምታስለምደው ባለሙያ ቤት ድረስ እየመጣች ፊደልም ቁጥርም ሞከረች፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ትንሽ ልጅ ናት፣ ታጋሽ። አንድ ቀን ለወንድም ጋሼ አንዳንድ በሽተኛ ተራ ንግግር አቅቶት የለመደውን ዘፈን ይዘፍናል፣ አንደበቱ ዕድሜውን በሙሉ የደጋገመው ነገር ካለ አምጡልኝ አለችው። ወንድም ጋሼ ብድግ አለ። «ጥርሱ!»

ምስጥ በልቶታል አልኩ። ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣው። ቁልፉ ጠፍቷል አልኩ። መፍቻ አምጥቶ ገነጠለው። ጥርሱ ከነካፖርቱ፣ ከነክፍተቱ፣ ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሟል። ምስጥ በአጠገቡም አላለፈ።

በማግስቱ ወንድም ጋሼ ባለሙያዋን ሊያመጣ ሲሄድ እኔ መቀስ ይዤ ሣጥኑ ፊት ተንበረከክሁ። የጥርሱን አፍ የሚከፍትና የሚዘጋው በጀርባው የገባ አንድ ክር ነው። ክሩ ከተቆረጠ አፉ አይሠራም፤ አፉ ካልሠራ አባቴ አያወራም፤ አባቴ ካላወራ እኔ ሥራ ሄጄ ነው። እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ ምን እደብቃለሁ። ገልብጬ መቀሱን ክሩ ላይ አሳረፍኩ። ስገለብጠው ዓይኑ ተገለጠ። ወለሉ ላይ በጎን ሆኖ፣ በዚያ ባወለቅኩት ጥርስ ክፍተት፣ አየኝ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ለአባቴ አዝኜ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ፈርቼ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

መጡ። አባቴን ወንበር ላይ በትራስ ደገፍነው። ወንድም ጋሼ ጥርሱን ግራ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የደህናውን እጅ፣ የግራውን፣ በጀርባው አስገባለት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የአባቴ ጣቶች ውስጥ ለውስጥ ሲፈልጉ ካፖርቱ ተንቀሳቀሰ። የጥርሱ አንገት ቀና አለ። ዓይኑ ተከደነ፣ ተገለጠ። አፉ አንዴ ቀጭ አለ።

ባለሙያዋ ቀስ ብላ እንደምን አደሩ አባባ አለችው። የአባቴ ከንፈር አልተነቃነቀም። ጥርሱ ግን ያን ያበጠ ምላሱን ይዞ «ደህና» አለ። ወንድም ጋሼ የራሱን አፍ በሁለት እጁ ያዘ። ስንት ልጅ አለዎት አለችው፤ ጥርሱ «ሁለት» አለ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ረስታ ትስቃለች። ወንድም ጋሼ እንባው በጉንጩ እየወረደ አባቴ ጉልበት ሥር ተቀመጠና የከነከነውን ነገር አወጣው።

«አባባ፣ ያን ቀን ብቻህን ስትወድቅ ተጣርተሃል?»

ጥርሱ «ተጣራሁ» አለ።

«ማን ሰማህ?»

የጥርሱ ራስ መዞር ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ እየተንቀጫቀጨ፣ ከወንድም ጋሼ ላይ ተነሥቶ፣ መስኮቱን አልፎ፣ በሩ ላይ፣ እኔ ላይ ቆመ። የአባቴም ዓይን እኔ ላይ ነው። አራት ዓይን። እንደዚያ ቅዳሜ ሰፈሩ በሙሉ ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ። አሁን ይዘረግፈዋል አልኩ። አፉ ተከፈተ፣ ድምፅ ሳይወጣ ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ።

«እሷ ሥራ ሄዳለች» አለ።

ወንድም ጋሼ ራሱን ነቀነቀ፣ አዎ፣ ሥራ ሄዳ ነው አለ፣ አፍንጫውን ጠረገ። ነገሩ አለቀ። ማንም አልተጠራጠረም። እኔ ግን አባቴን አየሁት፤ በሦስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየሁት። ሁሉንም ያስታውሳል። በሩን፣ ያልኩትን ቃል፣ ደረጃ ላይ የእግሬን ኮቴ፣ ሁሉንም። ጠፍቶ በተመለሰ ምላሱ፣ ቃል እየለቀመ፣ መጀመሪያ የሠራው ነገር እኔን መሸፈን ነው። ፍርሃቱ ይለቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ባሰብኝ። ከዚህ በኋላ ይቺን ይዤ ፊቱ እንዴት እመላለሳለሁ?

«አልሄድኩም ነበር» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «በሩ ላይ ነበርኩ። ሰምቼዋለሁ። ጥርሱን ሆኖ የሚጫወትብኝ መስሎኝ በሩን ዘጋሁበት።»

ልጅቷ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። ወንድም ጋሼ ከወለሉ ተነሣ፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይጩህብኝ፣ ይምታኝ ብዬ ጠበቅኩ። አልዞረም። እስከ ዛሬም በቅጡ አላናገረኝም፣ እውነት አለው።

አባቴ ደክሞታል። ጥርሱ አንገቱን ደፍቶ ደረቱ ላይ ተኝቷል። ሄጄ ከእጁ ላወጣለት ጎንበስ አልኩ፤ በእጄ ስነካው ከስምንት ዓመቴ ወዲህ ጫማም መቀስም ሳልይዝ የመጀመሪያዬ ነው። የካፖርቱን ቁልፍ ልፈታ ስል የጥርሱ ራስ ከደረቱ ተነሣ። ዓይኑ ተገለጠ፣ አፉ ያን ክፍተቱን እያሳየ በጆሮዬ አጠገብ ተከፈተ።

«ወሬኛ» አለኝ።