ብሉማ የተወለደችበት ምሽት

ናፍታሊ ዛክስ ፓስፖርቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና እንደገና አየው። ጽሑፉ አልተለወጠም። ስም፦ ብሉማ ፔርልሽታይን። የትውልድ ቦታ፦ ሜልቦርን። የትውልድ ቀን፦ ዲሴምበር ሠላሳ አንድ።

«ምነው ቲቸር፣ ፎቶዋ አስደነገጠዎት እንዴ?» አለች የልጅቷ እናት ሚንዲ እየሳቀች። እሷም በጊዜዋ ተማሪው ነበረች፤ ዛሬም ድረስ በስሙ ጠርታው አታውቅም።

ከኋላቸው የቡድኑ ልጃገረዶች ብሉማን ትከሻቸው ላይ አውጥተው እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ብሉማ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች በሆኑት የሺህ አምስት መቶ ሜትር ውድድር አንደኛ ወጥታለች። ሜልቦርን ውስጥ ኮልፊልድ ሰፈር ያለው ትንሹ የአይሁድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ወርቅ አይቶ አያውቅም ነበር። አሁን ልጅቷ ለአገር አቀፉ ውድድር ሲድኒ ትሄዳለች። ፓስፖርቱም የተፈለገው ለዚሁ ነው፤ አሸናፊዎች ከሜዳው ሳይወጡ መታወቂያቸውን ለዳኞች ማሳየት አለባቸው።

«ጃንዋሪ አንድ አይደለም እንዴ የተወለደችው?» አለ ናፍታሊ።

«ኧረ የምን ጃንዋሪ! ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የወለድኳት። አዋላጇ እኮ የአዲስ ዓመቱ ርችት ሳያመልጠኝ በርቺ እያለች ነበር የምታስምጠኝ።»

ናፍታሊ ክው አለ። በዚያ ወር ሜልቦርን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ነገሩ ሁሉ ባንዴ ተገለጠለት፤ ባይገለጥለት በወደደ።

ይህ ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ኦሪት አስተምሯል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቆቡ በነፋስ እንዳይወድቅ በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ሰዓት ጨብጦ ልጆች አስሩጧል። የእያንዳንዱን ተማሪ ልደት በዕብራውያን አቆጣጠር የሚመዘግብበት ደብተር አለው። ቀኑ ሲደርስ ማንም ሳይቀድመው ክፍል ይገባና ዴስኩ ላይ ቸኮላት አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ልጁ ሲመጣ ይመርቀዋል። የሥራ ባልደረቦቹ ይቀልዱበታል፤ እሱ ግን ግድ የለውም። ባለፈው ክረምት የውድድሩ ምዝገባ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው የትምህርት ቤቱ ቢሮ ለዕረፍት ተዘግቶ ነበር። እሱም ደብተሩን አወጣ። ብሉማ፣ ቴቤት አምስት። በተወለደችበት ዓመት ቴቤት የሚባለው የዕብራውያን ወር አምስተኛ ቀን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲመነዘር ጃንዋሪ አንድ ሆነለትና ያንኑ ጻፈ።

ምንዛሬው ትክክል ነበር። ግን በአይሁድ ዘንድ ቀን የሚጀምረው ጀንበር ስትጠልቅ ነው፤ ማታ የተወለደ ልጅ የነገው ቀን ልጅ ነው። ይህን ደግሞ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን በየዓመቱ የሚያስተምር እሱ ራሱ ነው። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፦ ጀንበር ከመጥለቋ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህችን ጥያቄ ሳይጠይቅ ቀረ። በውድድሩ ሕግ ዕድሜ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ አንድ ነውና፣ ከዚያ በፊት የተወለደ በአንድ ዓመት ይበልጣል ተብሎ ይቆጠራል፤ ብሉማ በጥቂት ሰዓታት ልዩነት ከትልልቆቹ ጋር መሰለፍ ነበረባት። ከትልልቆቹ ጋር ብትሮጥ ስድስተኛም መውጣቷን እንጃ።

ለሚንዲ ምንም ሳይላት ልጅቷን ጠርቶ ከስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው ጀርባ ወሰዳት። ብሉማ ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የብርቱካን ቁራጭ እየመጠጠች መጣች። ፊቷ ገና እንደ ቲማቲም ቀልቷል። እንዴት እንደሚጀምር ጨነቀው። በመጨረሻ እንደመጣለት ተናገረው፤ ቀኑን፣ ደብተሩን፣ ምሽቱን ሁሉ። ታለቅሳለች ብሎ ኪሱ ውስጥ መሐረብ ይዳብስ ነበር።

አላለቀሰችም። አፏን በክንዷ ጠረገች።

«አውቃለሁ እኮ ቲቸር።»

«ምኑን?»

«ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ወደፊት ገፍተው ጽፈውኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርዎት?» አለች፤ ጥያቄው ራሱ የገረማት ትመስላለች። «ለእኔ ብለው ያደረጉትን ነገር? ለማንም ትንፍሽ እንዳንል ተማምለናል እኮ። እናቴ እንኳን አታውቅም።»

«ተማምለናል? ከማን ጋር?»

«ከቡድኑ ጋር ነዋ። ከመካከላችን ኤስቲ እንዲያውም አልቅሳለች፣ ቲቸር ለእኛ ሲሉ ኃጢአት ውስጥ ገቡ ብላ። ከዚያ በኋላ ነው ልምምድ ላይ አንድም ሰው ቀርቶ የማያውቀው። አላስተዋሉም?»

አስተውሎ ነበር። ከነሐሴ ወዲህ ልጆቹ በዝናብም በብርድም ሳይቀሩ ሲመጡ እያየ፣ በስተርጅና ሰው መግራት ለመድኩ ብሎ በልቡ ተደስቶ ነበር። አሁን አጥሩ ላይ ተደገፈ። የፓስፖርቱ ድንጋጤ ከዚህ ጋር ሲተያይ የመርፌ ጫፍ ሆነበት። ከአራት ዓመት በፊት የዱላ ቅብብል ቡድኑ ዱላውን ከመስመር ውጭ ሲቀባበል ዳኞቹ አላዩም ነበር፤ እሱ ግን ራሱ ሄዶ ነግሮ የነሐስ ሜዳሊያውን አስመልሷል። ታሪኩንም ለእነዚህ ልጆች ስንት ጊዜ አውርቶላቸዋል። እነሱ ሰምተውት፣ አምነውት፣ ደግሞ በዚያው ልባቸው አጭበረበረልን ብለው ተቀበሉት። ተቀብለውም አልናቁት። ይልቁንስ ወደዱት። ከሃያ ስድስት ዓመት ቸኮላትና ምርቃት ይልቅ ያልሠራው ወንጀል አስወደደው። ተናደደ፤ አፈረ፤ ከዚያም በታች ደረቱን ሞቅ ያደረገው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ሲያገኘው ይበልጥ ደነገጠ።

«ብሉማ፣ ስሚኝ። ተሳስቼ ነው። ሆን ብዬ አይደለም። ገባሽ?»

ልጅቷ የታመመ ዘመድ እንደምታስታምም ሆና ክንዱን ነካችው።

«እሺ ቲቸር። ተሳስተው ነው እንላለን።»

ዘወር ብሎ ወደ ዳኞቹ ድንኳን መራመድ ጀመረ። ብሉማ ከኋላው ስትከተለው ጫማዋ ጠጠሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማዋል። ልጃገረዶቹ ዘፈናቸውን አቋርጠው ዞረው አዩዋቸው።

የዳኞቹ ሰብሳቢ ግዌን አፍንጫዋን በነጭ የፀሐይ ቅባት የለቀለቀች ሴት ናት። ፓስፖርቱን ፊቷ አስቀምጦ ሁሉንም ነገራት። «በእኛ ዘንድ ቀን የሚጀምረው ማታ ነው» ሲል ለራሱ ጆሮ እንኳን የቤት ሥራዬን ውሻ በላብኝ የሚል የሰነፍ ተማሪ ሰበብ መሰለው። ግዌን አልሳቀችም። ቅጹን ከፓስፖርቱ ጋር አስተያየችና ተነፈሰች።

«መምህር ዛክስ፣ ሃያ ዓመት አውቅዎታለሁ። ስህተት ነው ካሉ ስህተት ነው። ሜዳሊያው ለሁለተኛዋ ልጅ ይሰጣል፣ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።» ከዚያ ብዕሯን አነሳች። «ልጅቷን ግን የግድ መጠየቅ አለብኝ፤ ሕጉ ነው። አውቃ ከሮጠች ሁለት ዓመት ትታገዳለች።»

ሁለት ዓመት ማለት ለብሉማ የቀረው የትምህርት ቤት ዘመን በሙሉ ነው።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ጠጋ በይ» አለች ግዌን። «ቀኑ ተሳስቶ መጻፉን ከሩጫው በፊት ታውቂ ነበር?»

ናፍታሊ ዛክስ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ እንዲዋሽ ተመኝቶ አያውቅም። አሁን ግን አላውቅም በይ፣ አላውቅም በይ እያለ ልቡ ሲጮህ ሰማው። የማንን ልብ እንደተሸከመ ግራ ገባው።

ብሉማ ሜዳሊያዋን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ለሴትዮዋ ግን አልመለሰችላትም። ፊቷን ወደ እሱ አዞረች፤ ዓይኖቿ ውስጥ ፍርሃት የለም፤ እምነት ብቻ ነው ያለው።

«ቲቸር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምን ልበል?»

ግዌን ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሳችና እሷም ወደ እሱ ዞረች።