ጣት ያላረፈበት ቃል

በቤታችን አንድ ሕግ አለ፤ ጣት ያላረፈበት ቃል አይታመንም። ሕጉን ያመጣሁት ከማታ ትምህርት ነው። እኔ ፊደል መቁጠር የጀመርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ገጹን በቃሌ ይዤ ስወጣው አስተማሪያችን ሰምተውኝ፣ "እሱ ጸሎት ነው እንጂ ንባብ አይደለም። ጣትሽን ቃሉ ላይ አሳርፊ" አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ልጄን ሚጡን ቤት ውስጥ ማስተማር ስጀምር ሕጉን አወረስኳት። ከልጆች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ላይ ጣቴን እየጎተትኩ አነብላታለሁ፣ እሷ ጣቴን በዓይኗ ትከተላለች። ጣቴን ካነሳሁ፣ "እማ፣ እሱ ከሆድሽ ነው" ትለኛለች። ከሆድ የወጣ ነገር እሷ ዘንድ ዋጋ የለውም።

ከመዋዕለ ሕፃናት ያስወጣኋት ወድጄ አይደለም። አንዲት አስተማሪ ጮኸችባትና አንደበቷ ተቆለፈ። ቤት መጥታም ለብዙ ጊዜ ቃል አልወጣትም፤ ውሃ ሲጠማት እንኳ ብርጭቆ ይዛ ትቆም ነበር። አሁን ትናገራለች፣ ግን ድምፅ ከፍ ካለባት ከንፈሯ እንደ ፖስታ ይታሸጋል። አባቷ ጭነት መኪና ላይ ነው የሚውለው፤ "እቤት ትቀመጥ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ" አለ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ግን፣ "ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል ነው፣ እህቴ" ብላ ሳቀችብኝ። ከልቧ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ሌሊት ሌሊት ነገሩ ይመላለስብኝ ነበር።

ንባቤ ቀርፋፋ ስለሆነ በቀን ከግማሽ ገጽ አናልፍም። በዚያ ሳምንት የያዝነው ሕፃኑን ሙሴን ነበር። ንጉሡ ወንድ ሕፃናት ወንዝ ውስጥ ይጣሉ አለ፤ እናቱ ቅርጫት ሠራች፣ ውሃ እንዳያስገባ ለቀለቀችው፣ ልጇን አስተኝታ ቄጠማው መሃል አኖረችው። እኛም ከወረቀት ቅርጫት ሠራን፤ የሻማ ሰም አንጠባጠብንበት፣ አንድ ባቄላ አስተኛንበት፣ ሳፋ ውስጥ አንሳፈፍነው። ባቄላው አልሰጠመም። ሚጡ አጨበጨበች። ከዚያ ጣቴ የመጨረሻው መስመር ላይ ደረሰ፦ "እኅቱ ለማንም ሳትናገር ከሩቅ ትጠብቀው ነበር።"

ዓይኔ ደከመና መጽሐፉን ዘጋሁት።

"ለማንም?" አለችኝ።

"ለማንም። አላየሽም ጣቴን?"

በማግሥቱ ጠዋት ትንሹን ልጄን ማሙሽን አጥብቼ አልጋ ላይ አስተኛሁት። ገና አራት ወሩ ነው፣ ከጠገበ መድፍ አይቀሰቅሰውም። ለዕለቱ ትምህርት ከአረንጓዴ ወረቀት ቄጠማ ልንቆርጥ ነበርና ሚጡን አጠገቡ ትቼ መቀስ ልዋስ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። ቤቷ እኛው ያለንበት ላይኛው ፎቅ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልታሰምጡ ነው?" አለችኝ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። "ትናንት ባቄላ ነበር።"

"አልሰጠመም እኮ!"

"እሰይ! ዛሬ ሽንብራ ሞክሩ።"

የያዘችውን ጠርዝ ጨርሳ መቀሱን እስክትሰጠኝ ጠበቅኳት። መኪናዋ ስለሚንጫጫ ኮቴም ሆነ ድምፅ አይሰማም። ወሬም ያዘን።

ስመለስ አልጋው ባዶ ነበር።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ወድቆ ይሆናል ብዬ ከአልጋው ሥር አየሁ። ብርድ ልብሱን አራገፍኩ። ከዚያ መስኮቱን አየሁ፤ ክፍት ነበር፣ ከታች መንገድ ነው። አንገቴን አውጥቼ ወደታች አየሁ። መንገዱ ላይ ምንም የለም። ያን ጊዜ ሌባ ታየኝ።

ሚጡ በሩ ጀርባ ተለጥፋ በስንጥቁ ወደ ኮሪደሩ ታያለች።

"ማሙሽ የት አለ?" ብዬ ጮህኩ። ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት። "የት አለ ወንድምሽ! ተናገሪ!"

ከንፈሯ ታሸገ። የሠራሁት ያኔ ገባኝ፤ በገዛ አፌ ቆለፍኳት።

ልብስ ሰፊዋ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ ወጥ ቤቱን አየች፣ "ጌታዬ! ጌታዬ!" እያለች ደረጃውን ወደታች በረረች፤ ግቢውን ልታይ ነው። እኔ ቤቱ መሃል ቆሜ ስዞር የልብስ ቅርጫታችን በቦታው የለም። የጠረጴዛው ላስቲክም ተገፏል።

ቅርጫት። ውሃ የማያስገባ ላስቲክ።

ሮጬ ሳፋውን አየሁ፤ ደረቅ ነው። ውሃ ከማለዳ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። በኛ ሕንጻ ውሃ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ቧንቧውን እንደከፈተ ይተወዋል፣ ሲመጣ በድምፁ ለማወቅ። እፎይ ልል ስል ግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ አጉረመረመ። ከታች አንድ ሰው፣ "ውሃ መጣ!" ብሎ ተጣራ።

ሚጡን አየኋት። ፊቷ በደስታ በራ።

የሆነ ቦታ ወንዝ አለ፤ ወንዙ እየመጣ ነው። ከልጄ በቀር ቦታውን የሚያውቅ የለም።

ተንበረከክሁ። ድምፄን ከጉሮሮዬ ሥር ፈልጌ ዝቅ አድርጌ አወጣሁት። "ሚጡዬ፣ ሆዴ፣ ታሪኩ አልቋል እኮ። የንጉሡ ልጅ መጣችና አገኘችው። ስብከት ላይ ሰምቻለሁ። በይ አሁን ንገሪኝ።"

ዓይኗ እጄ ላይ ነው። እጄ ባዶ ነው።

መጽሐፉን ከመደርደሪያው ሳወርድ ሌላ መጽሐፍ ወደቀ። ገጹን ገለጥኩ። ፊደሎቹ እንደ ተነካ የጉንዳን ጎጆ ተበታተኑብኝ። ጣቴን ጣልኩ።

"የን... ጉ... ሡ ልጅ... ል... ት... ታ... ጠብ..."

ቱቦው ያጉረመርማል። ዘልዬ ልሩጥ አልኩ፤ ግን ወዴት? ከሆዴ ጨምሬ ልጨርሰው አማረኝ። ግን ጣቴ ቆሞ አፌ ቢሄድ ታውቃለች፤ ያን ጊዜ ከነጭራሹ አታምነኝም።

"ወደ ወን... ዙ... መጣች። ቅር... ጫ... ቱን አየች።" ላቤ ገጹ ላይ ጠብ አለ። "እኅ... ቱም... ከተ... ደበ... ከተደበቀችበት ወጥታ... ተ... ና... ገ... ረች።"

ሚጡ በረጅሙ ተነፈሰች። "ጣሪያው ላይ" አለች በሹክሹክታ። "መጋረጃዎቹ ውስጥ።"

የጣሪያው በር ሁልጊዜ ይቆለፋል፤ ስለዚህ አላሰብኩትም። የዚያን ቀን ግን ልብስ ሰፊዋ አጥባ ያሰጣችው መጋረጃ ነበር። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በሩ ገርበብ ብሏል። አረንጓዴ መጋረጃዎች ከገመዱ እስከ መሬት ወርደዋል፤ ከኋላቸው የሲሚንቶው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አለ፣ ማፍሰሻው እንደ ወትሮው በጨርቅ ተወትፏል። ቧንቧው ይወርዳል።

ቅርጫቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። በታጠፈው የላስቲክ ጥግ ውሃው እየገባ ነበር። ማሙሽ ጀርባው ርሷል፣ ውሃው ጆሮው ሥር ደርሷል፤ እሱ ግን ነቅቶ፣ ጡጫውን ጎርሶ፣ የሚወርደውን ውሃ ያያል።

ሳነሳው አለቀሰ። እንደዚያ የጣመኝ ለቅሶ በሕይወቴ የለም። እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ልብስ ሰፊዋ እያለከለከች ደርሳ ቧንቧውን ዘጋች። ሚጡም ተከትላኝ ወጥታ መጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር። "አንቺ ልጅ!" ብላ ስትጀምር እጄን ዘረጋሁ።

"አትጩሂባት። እኔ ጮሄ አይቼዋለሁ።"

ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና አፏን በሻሿ ያዘች። "በሩን ከፍቼ የተውኩት እኔ ነኝ" አለች። ባቄላና ሽንብራ የዚያን ቀን አልተነሳም።

ሚጡ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። "ውሃ እንዳይገባበት ላስቲክ አድርጌለት ነበር" አለች። "ሰም አጣሁ።"

"አይቻለሁ፣ የኔ ልጅ።"

"ስትቀሪብኝ እኮ አንቺን ለማየት ወረድኩ። ከበሩ ሆኜ ደረጃውን እጠብቀው ነበር።"

ስንት ታሪክ እንዲህ መንገድ ላይ ትቼባት ይሆን እያልኩ ነበር። ዮናስን ዓሣው ሆድ ውስጥ ነው የተውነው።

"አለቀ?" አለችኝ።

ያኔ ነው መጽሐፉ አሁንም እጄ ውስጥ መሆኑን ያየሁት፤ ጣቴ ገጹ መሃል ተቀርቅሮ ቀርቷል። ማሙሽን ጡቴ ላይ አድርጌ፣ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት።

"አላለቀም" አልኩ። "እስኪያልቅ አንነሳም።"

"እኅቱም፣ የምታጠባው ሴት ልጥራልሽ? አለቻት። ሄዳም የሕፃኑን... እናት... ጠራች።" ጣቴ መስመሩን ስቶ ወደታች ዘለለ።

ሚጡ ጣቴን ያዘችና ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰችው።

"እዚህ ነሽ" አለችኝ።