የነጅሙዲን ድምፅ ማጉያ

ሙሀባ ዋርሳዋን ነጅሙዲንን የጠላችው በአንድ ቀን አይደለም። ቀስ እያለች፣ ተጠንቅቃ፣ ልክ እንደምትበይደው ሽቦ ነጥብ በነጥብ ነው የጠላችው። ጥላቻዋንም ለማንም አልደበቀችም።

ጃንሆይ ሳይወርዱ አዲስ አበባ ውስጥ ሬዲዮ የሚገጣጥም የውጭ ኩባንያ ነበረ። ሙሀባ እዚያ ስድስት ዓመት በይዳለች። ሥራው ሲጀመር በአንድ መጋዘን አሥራ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ አሉ፤ እሷ ስትገባ ሁለት መቶ ደርሰዋል። የኩባንያው ነገር ግን ለጉድ ነው፤ የራሱ ስም በአንድም ሬዲዮ ላይ ታይቶ አያውቅም። ጠዋት ለአንዱ አገር ነጋዴ፣ ከሰዓት ለሌላው ይሠራል። ዕቃው ያው ነው፣ ፊቱ ላይ የሚለጠፈው ስም ይለያያል። አንድ ቀን ፈረንጁን አለቃ «የእኛ ስም የት አለ?» ብትለው፣ «እኛ እጅ ነን፤ ስም የባለቤቱ ነው» አላት። መልሱን አልረሳችውም። በስድሳ ሰባት ደርግ ኩባንያውን ሲወርሰው ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ተቋረጠ፣ ሴቶቹም ተበተኑ። ሙሀባ ከባሏ ከአደም ጋር ሸዋ ሮቢት ተመለሰች።

አደም በቤታቸው የፊት ክፍል ሱቅ ከፈተላት። እሷ ድምፅ ማጉያ ትሠራለች፤ ወንድሙ ነጅሙዲን ሣጥኑን ቀለም ይቀባና ከካራቆሬ እስከ አሊዩ አምባ ለገበሬ ማኅበራት ያደርሳል። የቆላው ሙቀት ትራንዚስተሩን እየጠበሰ ሲያስቸግራት መላውን ያገኘችው ራሷ ናት። ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ቆርጣ፣ ሙቀቱን እንዲስብለት ትራንዚስተሩ ጀርባ ላይ አሰረችበት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ማጉያ በሁለት ሰዓት ሲለግም የእሷ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል።

አደምን ወባ ገደለው። ሙሀባ የባሏን የሐዘን ጊዜ፣ ዒዳዋን፣ ሳትጨርስ ነጅሙዲን ሱቁን ቆለፈ። ቀበሌ ሄዶም «ባለሙያው እኔ ነኝ፤ እሷ የመበየጃውን ከሰል ታራግብልኝ ነበር» አለና በየሣጥኑ ላይ ስሙን ለጠፈ፤ የእሷን ሥራ! እሷ ትምባሆ እርሻ ገብታ ቅጠል ስትሰቅል ከረመች። ሱቁ ሲቀማ አልቅሳለች። ስሟ ሲቀማ ግን ዕንባ እንኳን አልወጣት። ከዚያ ወዲያ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይህ ሰውዬ በራሱ አፍ፣ ሰው ፊት፣ ማን እንደሠራው እንዲናገር።

በሰባ አንድ የላብ አደሩ ቀን ዋዜማ ነጅሙዲን አንዱን ማጉያ ተሸክሞ ከበሯ ደረሰ። ነገ ከአውራጃ ካድሬ ይመጣል፤ ሽቦው ደግሞ ይንኮሻኮሻል።

«ይቺን ሽቦ ጠበቅ አድርጊልኝ» አላት። «ሌላ ሌላውን አትነካኪ። አስተያየትሽንም አልጠየቅኩሽም።»

ከፈተችው። ቆርቆሮው የለም። ቆርቆሮው ላይ የአሜሪካ እርዳታ የተጨባበጡ እጆች ነበሩበትና ካድሬ ያየኛል ብሎ ፈርቶ ነቅሎ ጥሎታል። ገልብጦ ቢያስረው ምን ነበረበት? ግን ለምን እንደታሰረ መች ያውቅና! ሙሀባ ሽቦውን ጠበቅ አደረገች፣ ክዳኑን ዘጋች፣ «አለቀ» አለችው። ያን ዕለት ራቷን ጥርግ አድርጋ በላች።

በማግሥቱ ጠዋት ማጉያው እሰይ የሚያሰኝ ነበር። ነጅሙዲን ደረቱን ነፍቶ ከመድረኩ አጠገብ ቆመ። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ካድሬው ግራ እጁን አንሥቶ «ኢምፔሪያሊዝም—» ሲል ማጉያው አቃሰተ፣ አቃሰተና ጸጥ አለ። ሰዉ ቡጢውን እንደጨበጠ ቀረ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ።

«አሻጥር ነው!» ሲል ካድሬው ጮኸ። «ይህን የሠራው ማነው?»

ሁለት ታጣቂዎች ነጅሙዲንን የኋሊት አሰሩት። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ የማያውቅ አልነበረም። እናቱ እማማ ሙሚና ሻሻቸው አንገታቸው ላይ ወርዶ እየሮጡ መጥተው የሙሀባ እግር ላይ ወደቁ።

«ልጄ፣ አደምን ወባ በላብኝ። በአላህ ይሁንብሽ፣ ይሄን ደግሞ አታስበዪብኝ!»

ሙሀባ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏታል። እጁ የኋሊት ታስሮ ማየት አንጀቷን አርሶታል። ግን የሞተ ሰው አይናገርም፤ እሷ ደግሞ የምትፈልገው አፉን ነበር። አሮጊቷን አንሥታ ወደ መድረኩ ሄደች።

«ጓድ፣ ይህ ሰው አሻጥር አልሠራም» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«አሻጥር እውቀት ይጠይቃል። ያስከፍቱትና የቱ ምን እንደሆነ ይጠይቁት።»

ሣጥኑ ተከፈተ። ካድሬው በእስክሪብቶው ትራንዚስተሩን ነካና «ይህ ምንድን ነው?» አለው። ነጅሙዲን ላቡ ጠብ ጠብ አለ።

«እሱ... እሱ ድምፁ የሚጠራቀምበት ነው።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። «ታዲያ ማነው የሠራው?» አለ ካድሬው።

«እኔ ነኝ። እሱ ቀለም ቀቢ ነው።»

«እንግዲያው አስጩኺው። ካልጮኸ ሁለታችሁንም ነው የምንወስዳችሁ።»

እርጥብ ጨርቅና አንድ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አስመጣች። ትራንዚስተሩን በጨርቁ አበረደችው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ገና አልተቃጠለም። ቆርቆሮውን ቆርጣ፣ ሥዕሉን ወደ ውስጥ ገልብጣ ስታስረው፣ ከጎኗ የተንበረከከው ነጅሙዲን «ትናንት አይተሽው ነበር» ሲል አንሾካሾከ።

«አስተያየትሽን አልጠየቅኩሽም አልከኝ፤ እኔም አልሰጠሁህም።»

ማጉያው ጮኸ። ካድሬው ማይክሮፎኑን ሊቀበል ሲል ሙሀባ «መጀመሪያ ይፈተሽ ጓድ» አለች። የነጅሙዲንን እጅ አስፈታችና ማይክሮፎኑን አስያዘችው።

«ምን ልበል?»

«ማን እንደሠራው።»

«ሙሀባ ናት» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም። ድገመው።»

«ሙሀባ ናት የሠራችው!» ድምፁ ገበያውን አልፎ አስፋልቱ ላይ እስከቆሙት የጭነት መኪናዎች ተሰማ። እማማ ሙሚና ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ካድሬው እጁን ዘረጋ። ሙሀባ ግን ወደ ነጅሙዲን ጆሮ ጠጋ አለች።

«ሙሀባ የሚባል በዚህ አገር ብዙ ነው» አለችው። «የአባቴንም ስም ጨምር። ቀስ ብለህ።»

«ሙሀባ አብዱረዛቅ» አለ። እያለቀሰ ነበር፤ ማጉያው ልቅሶውንም አንድ ሳያስቀር ለከተማው አሰማ።