የባለ ባርኔጣው ውሻ

ኑ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። ያንን የተቆረጠ ጨርቅ ከአግዳሚው ላይ ገፋ አድርጉትና ተቀመጡ። መርፌ እንዳይኖርበት ብቻ ቀድማችሁ በእጃችሁ ዳበስ አድርጉት። ስለ አንድ ውሻ ላጫውታችሁ ነው። ውሻውን እኔም አላየሁት፣ እህቴም አላየችው፤ ግን አንድ ክረምት ሙሉ ስንጨነቅለት ከርመናል። ነገሩ እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም። ምናልባት ከእናንተ መሃል የሚገባው ይኖር ይሆናል።

ታናሽ እህቴ ያረጀችው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አንሶላ ሲሉ የትራስ ልብስ፣ የትራስ ልብስ ሲሉ የሐኪም ጋዋን፤ የሚያልቅ ነገር የለም። ክፍሉ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ እንፋሎቱ እንደ ጉም ይተኛበታል፣ በረኪናው ዓይን ያቃጥላል። ውሎ አድሮ ደረቷን ያፍናት ጀመር። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆምና የግድግዳውን ቀለም የምትመረምር ትመስላለች። ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው እንጂ ቀለሙስ ምን ይታያል። ነርሷ ቁርጡን ነገረቻት፦ «ከዚህ እንፋሎት ካልወጣሽ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንሽም።»

ወዴት ትውጣ? ሥራ እንደ ቀሚስ አይቀየር። ደግነቱ የመድኃኒት መጋዘኑ ሠራተኛ ጡረታ ሊወጣ ሆነ። መጋዘኑ ደረቅ ነው፣ ነፋስ ይገባዋል፣ ወንበርም አለው። ችግሩ ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። አስተዳደሩም አጭር የንባብ ፈተና አወጣ፤ ካለፉት መሃል በአገልግሎት የሚቀድመው ቦታውን ይወስዳል ተባለ። በአገልግሎትማ እህቴን የሚቀድማት የሕንፃው በር ብቻ ነው። የቀራት ማለፍ ነበር።

«ወንድምጋሼ፣ አስጠናኝ» አለችኝ።

«እኔ? የእኔ እንግሊዝኛ እኮ ከሸሚዝ አንገት ላይ የለቀምኳት ናት። ‹በቀዝቃዛ ውኃ እጠብ፣ አትተኩስ› ከሚለው አታልፍም።»

«እሷን ስጠኛ። የቀረውን መዝገበ ቃላቱ ይሞላዋል።»

መጽሐፉን ያመጣችልን ልጇ ናት። ልጇ በአውቶቡስ ድርጅት ቢሮ፣ ራቅ ያለ ከተማ ነው የምትሠራው፤ አልፎ አልፎ ነው የምትመጣው። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፣ እናቷን ስማ ወጣች። ያረጀ መጽሐፍ ነው፤ የፊተኞቹ ቅጠሎች ተገንጥለው የሉም። በየገጹ አናት ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ተሥሏል። ከሥዕሉ ሥር አጭር ምንባብ፣ ከምንባቡ ሥር ጥያቄ፣ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ። ሰውየው ስም የለውም፤ «ሰውየው» ብቻ ይለዋል። እኛ ባለ ባርኔጣው አልነው።

እህቴ የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ትመጣለች፤ እኔ የስፌት መኪናውን አቆማለሁ፤ እንጀምራለን። የመጀመሪያው ምንባብ ቀላል ነበር። ሰውየው በትንሽ ቤት ውስጥ ይኖራል። ቡናማ ውሻ አለው። ጠዋት ጠዋት ከውሻው ጋር ወደ መናፈሻ ይሄዳል። ጥያቄው «ጠዋት የት ይሄዳል?» ነው። መናፈሻ። መልሱን ከጀርባ አየነው፤ ትክክል። እህቴ እንደ ልጅ አጨበጨበች።

በማግስቱ ባለ ባርኔጣው ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ አገኘነው። ጥሩ፣ ሰው ሥራ ይሥራ እንጂ። ቀጥሎ ታክሲ ነጂ ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ ሦስት ልጆች አሉት ተባለ።

«ሦስት ልጅ?» አለች እህቴ መነጽሯን አውልቃ። «ያን ዕለት ብቻውን አልነበረም እንዴ?»

«ብቻውን ነው አላለም። ውሻ አለው ነው ያለው።»

«እናትየውስ?»

ገጹን ገለበጥኩት። «አልተጻፈችም።»

«ጥሏት ሄዶ ይሆናል። ሥራም የማይበረክትለት ሰው ነው። እኔ መጀመሪያም ባርኔጣውን አልወደድኩለትም።»

እኔም ግራ ገባኝ። ልኩ በየቀኑ የሚቀያየር ደንበኛ ሆነብኝ፤ ዛሬ ስለካው ወገቡ ቀጭን፣ ነገ ሲመጣ ሱሪው አይገባውም። ሁለታችንንም ያስጨነቀን ግን ውሻው ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ባለ ባርኔጣው ገበያ ይሄዳል፣ ውሻው የለም። ጥርስ ሐኪም ቤት ይቀመጣል፣ ውሻው የለም። ባቡር ይሳፈራል፣ ውሻው የለም።

በዚያው የባቡር ገጽ ላይ ነገር ተበላሸ። ባቡሩ ላይ ሰዓቱ ጠፋበት፤ አዘነ። ጥያቄው «ሰውየው ለምን አዘነ?» ይላል። እህቴ ሳታመነታ «ውሻው ስለጠፋ» ብላ ጻፈች። ከጀርባ ስናየው መልሱ ሰዓቱ ነው።

«ለሰዓት ነው የሚያዝነው? ለዚያ ምስኪን አንድ ቀን ሳያዝን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ መጽሐፉ ነው ያለው።»

«እንግዲያው መጽሐፉም ከሰውየው አይሻልም።»

ባጠናን ቁጥር ስህተቱ በዛ። ሥራው ምንድን ነው ሲሏት የሠራውን ሁሉ ትደረድራለች፤ ስንት ልጆች አሉት ሲሏት «የትኛው ጊዜ?» ብላ ትጽፋለች። ካውያ የምንላት፣ በልብስ ተኳሾቹ ክፍል የምትሠራ ባልደረባዋ፣ እሷም ለፈተናው ተመዝግባ ነበርና አንድ ቀን ሱቄ ገብታ ሰማችን። «ዕውር ዕውርን ቢመራ ይሉት ነገር ይኼ ነው» ብላን ሄደች። አልተቀየምናትም፤ እውነቷን ነበር።

የእህቴ ልጅ ስትመጣ የጻፍነውን አሳየናት። መጀመሪያ ገጽ በገጽ አገላበጠችው። ከዚያ ሳቋ አፈናትና የቆረጥኩት ኮት ላይ ተቀመጠችበት።

«እማዬ፣ አንድ ሰው አይደለም እኮ!»

«ይኸው፣ ባርኔጣው?»

«ሠዓሊው ሰንፎ አንዱን ሥዕል እየደጋገመው ነው። እያንዳንዱ ምንባብ ለብቻው ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሌላ፣ የልጆቹ አባት ሌላ።»

እህቴ መጽሐፉን አቅፋ ቆየች። «ታዲያ ውሻውስ?»

«የምን ውሻ?»

ተያየን። ይህንን ሁሉ ቀን ስንጨነቅለት የከረምነውን ውሻ፣ ልጅቱ የምን ውሻ አለችን።

«ስሚኝ እማዬ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ መልሺ። ከራስሽ ምንም አትጨምሪ። ይህን ካደረግሽ ታልፊያለሽ።»

እንዳለችው አደረግን። መልሱ ይስተካከል ጀመር፤ ግን እህቴ ሰው ቤት በእንግድነት እንደገባ ሰው ሆነች። አፏን ከፈት ታደርግና «ይኼ ሰውዬ ግን…» ትላለች። እኔ «ወረቀቱ ላይ የለም» እላታለሁ። እርሳሷን ታነሳለች። ሳልዋሻችሁ፣ ለእኔም ጨዋታው ቀዘቀዘብኝ።

የፈተናው ቀን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ አንሶላ ከሚሰጣበት ገመድ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ስትገባ ካውያ ከኋላዋ «እሜቴ፣ መጋዘን ስትገቢ ወንበሩን ቀስ ብለሽ ያዢው» እያለች ነበር። ስትወጣ ግን እህቴ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንሽ?»

«ውሻው መጣ» አለችኝ።

እንፋሎቱ በመጨረሻ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ ብዬ ደነገጥኩ። አስቀመጥኳትና ቀስ ብላ ነገረችኝ። የመጨረሻው ምንባብ እንዲህ ይላል፦ ሰውየው ከውሻው ጋር አውቶቡስ ይጠብቃል። ዝናብ ይዘንባል። አውቶቡሱ መጣ። በሩ ላይ ውሻ ማስገባት ክልክል ነው ይላል። ሰውየው ውሻውን አየው። ከዚያ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ጥያቄው «ሰውየው ለምን በእግሩ ሄደ?» ነው።

«መልሱን ወረቀቱ ላይ ፈለግኩት፣ የለም። ደግሜ ፈለግኩት፣ የለም። ልጄ ከራስሽ አትጨምሪ ብላኛለች።»

«እኔ ዝናብ ስለዘነበ ብያለሁ» አለች ከኋላዋ የወጣችው ካውያ።

«ዝናብ ስለዘነበ በእግሩ የሚሄድ ሰው አለ?» አልኳት።

«ወረቀቱ ላይ አለ አልኩሽ። አለቀ።»

ወደ እህቴ ዞርኩ። «አንቺስ ምን ጻፍሽ?»

«ውሻውን ጥሎ መሄድ ስላልፈለገ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ከራሴ መጨመሬ ትዝ ሲለኝ ላጠፋው ነበር፤ ጊዜው አለቀና ሰበሰቡን።» መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። «ሌሎቹንም ሁሉ እርግጠኛ አይደለሁም። በዚህች ከወደቅኩ በራሴ እጅ ነው።»

ልጅቷ ጋ ደወልን። እህቴ ምንባቡን ካፍ እስከ ገደፍ ነገረቻት።

«ትክክል ነሽ እማዬ» አለች ልጅቷ።

«ወረቀቱ ላይ ግን የለም።»

«አልተጻፈም እንጂ አለ።»

«የቱ ጋ?»

«ውስጡ ነዋ። አየው ይላል፣ ክልክል ነው ይላል፤ አንቺ ታገናኚዋለሽ።»

«ያኔ ሰዓቱ ሲጠፋበት ሳገናኝ ስህተት፣ አሁን ሳገናኝ ትክክል?»

«ያኛው ውሻ ሌላ ምንባብ ውስጥ ነበር። ይኼኛው እዚሁ ነው።»

እህቴ ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ አየችኝ። «ለውሻው ምን ልዩነት አለው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ የማንበቢያ መነጽሬን አድርጌ ስሟን የፈለግኩት እኔ ነኝ። ከማለፊያው መስመር በላይ፣ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥላለች፤ አንዲት ጥያቄ ብትስት ኖሮ እንፋሎቱ ውስጥ ነበረች። ከመስመሩ በታች ካውያ አለች፤ መጥታ እህቴን አቀፈቻትና «በይ፣ ለዚያ ዘረ ብዙ ውሻሽ አጥንት ግዢለት» አለቻት።

ይኸው ዛሬ እህቴ መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጣ ካርቶን ታነባለች። ደረጃ ስትወጣም ግድግዳውን አታይም። ልጇ እየመጣች ያ ሌላ ውሻ ነው፣ ይኼም ሌላ ውሻ ነው ትላታለች። እህቴ እሺ እሺ ትላታለች፤ ልጅቱ ስትወጣ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «እሱው ነው፤ እስኪያገኘው ድረስ ነው ያ ሁሉ ሥራ መቀያየር» ትለኛለች። ልጅቷን ሳዳምጥ ልጅቷ ልክ ናት፤ እህቴን ሳዳምጥ እህቴ ልክ ናት።

እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህን ነገር እንደ እኔ አታምታቱትም። ወረቀቱ የጠየቃችሁን መልሱ፣ ማለፍ ደግ ነው። ብቻ ልጆቼ፣ መጽሐፉን ከመክደናችሁ በፊት፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ታይቶ ድምፁ የጠፋ ካለ፣ እሱን አደራ አስታውሱልኝ።